ያልተቆጠረችው መሪ፦ መረጃ፣ የጋራ ጥረትና የተመልካች ፍርድ በቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች የጎዳና ላይ ብስክሌት ውድድር

መግቢያ

ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 2021) በቶኪዮ ኦሊምፒክ በተካሄደው የሴቶች የጎዳና ላይ ብስክሌት ውድድር ኔዘርላንዳዊቷ አነሚክ ፋን ፍሌውተን እጆቿን ዘርግታ በደስታ የፍጻሜውን መስመር አለፈች። ኦስትሪያዊቷ አና ኪዘንሆፈር ግን ከእርሷ 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ቀድማ ውድድሩን ጨርሳ ነበር። በቴሌቪዥን ይከታተል የነበረው ተመልካች ያወቀውን ነገር ሁለተኛ የወጣችው ተወዳዳሪ አላወቀችም።

ይህን ውጤት ለማስረዳት በስፖርቱ ተከታታዮች ዘንድ ሁለት ሐሳቦች ሲቀርቡ ቆይተዋል። የመጀመሪያው ጥፋቱን በመረጃ እጦት ላይ ያሳርፋል፤ በኦሊምፒክ ውድድር ብስክሌተኞች ከአሠልጣኞቻቸው ጋር በሬዲዮ መገናኘት አልተፈቀደላቸውምና። ሁለተኛው ኃያላኑ ተወዳዳሪዎች ተባብረው ለማሳደድ አለመፈለጋቸውን ይወቅሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ሐሳቦች እርስ በርስ የሚጣሉ ሳይሆኑ የአንዱን ውድድር ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች የሚገልጹ መሆናቸውን ማሳየት ነው።

የአየር ተቃውሞና የጋራ ጥረት

የጎዳና ላይ ብስክሌት ስልት መሠረቱ የአየር ተቃውሞ ነው። ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ መጠን ስለሚጨምር፣ ከፊት ሆኖ አየሩን የሚሰነጥቅ ብስክሌተኛ ከኋላው ከተጠለለው እጅግ የበለጠ ይደክማል። ብሎከንና ባልደረቦቹ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት፣ ጥቅጥቅ ባለ ትልቅ ቡድን መካከል የሚጓዝ ብስክሌተኛ ብቻውን ሲጓዝ ከሚገጥመው የአየር ተቃውሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ሊገጥመው እንደሚችል አመልክቷል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለምጣኔ ሀብት ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። ተነጥሎ የሄደን ተወዳዳሪ ማሳደድ የጋራ ጥቅም ነው፤ ከተሳካ ሁሉም ይጠቀማል፣ ድካሙ ግን ከፊት ሆኖ በሚሠራው ላይ ብቻ ይወድቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቡድን ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። በተለይ ለድል ከሁሉ በላይ የሚገመት ቡድን ባለበት ውድድር የማሳደዱ ግዴታ የእርሱ ነው ተብሎ ይታሰባል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ፦ እያወቁ አለማሳደድ

ውድድሩ ከሙሳሺኖኖሞሪ ፓርክ ተነሥቶ በፉጂ የመኪና ውድድር ሜዳ የሚያበቃ 137 ኪሎ ሜትር ነበር። ገና ከመነሻው አምስት ተወዳዳሪዎች ተነጠሉ፤ እነርሱም ኪዘንሆፈር፣ የፖላንዷ አና ፕሊችታ፣ የእስራኤሏ ኦመር ሻፒራ፣ የደቡብ አፍሪካዋ ካርላ ኦበርሆልዘርና የናሚቢያዋ ቬራ ሎዘር ነበሩ። ልዩነቱ ከ10 ደቂቃ በላይ ደረሰ።

አምስቱ የተነጠሉት በሁሉም ፊት ስለሆነ በዚህ ምዕራፍ ከፊት ሰው መኖሩ የተሰወረ አልነበረም። የጎደለው የሚያሳድድ ነው። የኔዘርላንድ ቡድን ፋን ፍሌውተንን፣ አና ፋን ደር ብሬገንን፣ ማሪያነ ፎስንና ደሚ ፎለሪንግን ይዞ ነበር። አራቱም ማሸነፍ የሚችሉ ስለነበሩ ሌሎቹ አገሮች ሥራውን ለኔዘርላንድ ተዉት፤ ከአራቱም ለሌላዋ ስትል ጉልበቷን አስቀድማ እንድትጨርስ በግልጽ የሚጠበቅባት አልነበረችም። ብርታታቸው ራሱ እንቅፋት ሆነ።

እዚህ ላይ የቀድሞው ብስክሌተኛና የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ተንታኝ ሮበር ሻፓት ስሙን የሰጠው ልማዳዊ ስሌት ይጠቅማል። በእርሱ መሠረት ዋናው ቡድን በየ10 ኪሎ ሜትሩ 1 ደቂቃ ያህል ሊያካክስ ይችላል። ስለዚህ የ10 ደቂቃ ልዩነትን ለመዝጋት 100 ኪሎ ሜትር ያስፈልጋል። ስሌቱ ለሜዳማ መንገድ የወጣ በመሆኑ ተራራማ በሆነው የቶኪዮ መንገድ ላይ እንደ ሕግ ሊወሰድ አይገባም። ነገር ግን የማሳደድ ውሳኔ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሳይሆን በውድድሩ የመጀመሪያ አጋማሽ መወሰድ እንዳለበት በሚገባ ያሳያል።

ሁለተኛው ምዕራፍ፦ የአንዲት ሰው ስሕተት በቆጠራ

ኦበርሆልዘርና ሎዘር አስቀድመው ወደ ኋላ ቀሩ። ለፍጻሜው 41 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ደግሞ ኪዘንሆፈር ፕሊችታንና ሻፒራን ትታ ብቻዋን ሄደች። ፕሊችታና ሻፒራ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲያዙ ፋን ፍሌውተን ከፊት የቀረ ሰው የሌለ መሰላት። ከአምስቱ አራቱ ተመልሰው ነበር፤ አምስተኛዋን የቆጠረላት አልነበረም።

ሬዲዮ በሌለበት ውድድር መረጃ የሚገኘው ከቡድን መኪና፣ በሞተር ብስክሌት ላይ ከሚታይ የሰዓት ልዩነት ሰሌዳና ከመንገድ ዳር ሰዎች ነው። እነዚህ ምንጮች የተቆራረጡ ናቸው። ስለዚህ በሁለተኛው ምዕራፍ የመረጃ እጦት የሚለው ማብራሪያ ይጸናል። ሆኖም ሬዲዮ ቢኖር ኖሮ ስሕተቱን ያርም የነበረው ዘግይቶ ነው፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የጋራ ጥረት ችግር አይፈታም ነበር።

በሌላ በኩል የመጨረሻው ልዩነት ያን ያህል ሰፊ አልነበረም። አሸናፊዋ ርቀቱን በ3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ስለጨረሰች አማካይ ፍጥነቷ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 1 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ማለት 740 ሜትር ገደማ ነው። ከ137 ኪሎ ሜትር አንጻር ሲታይ፣ ጥቂት ቀደም ብሎ የተጀመረ የተባበረ ማሳደድ ውጤቱን ሊለውጥ ይችል እንደነበር መገመት ይቻላል።

ተመልካችና ፍርዱ

ቀጥተኛ ሥርጭት ለተመልካቹ የትኛውም ተወዳዳሪ የሌለውን እይታ ይሰጠዋል። ከሄሊኮፕተርና ከሞተር ብስክሌት የሚተላለፈው ምስል በየቡድኑ መካከል ካለው የሰዓት ልዩነት ጋር በአንድ መስኮት ይቀርባል። ብስክሌተኛዋ ግን የምታየው ከፊቷ ያለውን ጎማ ነው። ተመልካቹ ይህን ልዩነት ሲዘነጋ፣ በሰው ውሳኔ ላይ የሚፈርደው ወሳኙ ሰው ባልነበረው እውቀት ይሆናል።

ይህ ዝንጋዔ አሸናፊዋንም ይጎዳል። ድሉ ሌሎች በመሳሳታቸው ብቻ የተገኘ ተደርጎ ይቆጠራልና። በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ያላት ኪዘንሆፈር በወቅቱ የባለሙያ ቡድን ውል አልነበራትም፤ አገሯንም የወከለችው ብቻዋን ነበር። የሚያግዛት ጓደኛ የሌላት ተወዳዳሪ በዋናው ቡድን ውስጥ ተደብቃ ብትቆይ ከኃያላኑ ጋር በፍጻሜው ላይ የማሸነፍ ዕድሏ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ከመነሻው መነጠሏ የሌሎችን አለመተባበር ወደ ራሷ ጥቅም የሚለውጥ ምክንያታዊ ስልት ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻዋን ልዩነቱን ጠብቃ መቆየቷም በማንም ስሕተት ሊተካ የማይችል የራሷ ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

በሬዲዮ ላይ ያለው ክርክር ከቶኪዮ የቆየ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በቱር ደ ፍራንስ አንድ የዕለት ውድድር ያለ ሬዲዮ እንዲካሄድ ሲደረግ ብስክሌተኞቹ በዝግታ በመጓዝ ተቃውሟቸውን ገልጸዋል። የቶኪዮው ውድድር ለዚህ ክርክር የሚጨምረው ቁም ነገር፣ የመረጃ መኖርና የመተባበር ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው። የውድድር ምስልን እንደ ማስረጃ የሚጠቀም ተመራማሪም በመጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በየትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምን ያውቅ እንደነበረ ነው። ይህ ሳይጣራ የሚሰጥ ትንታኔ የሚናገረው በመንገዱ ላይ ስለተካሄደው ውድድር ሳይሆን በመስኮቱ ላይ ስለታየው ነው።