«አባ፥ ምን ልርጭበት?»
ስለ ቡና ፍሬ በሽታና ያለ ኬሚካል ስለ መከላከል

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፥ ከቅዳሴ በኋላ፥ አንድ ምእመን ፍሬው የጠቆረ የቡና ቅርንጫፍ ይዞ መጣና «አባ፥ ምን ልርጭበት?» ሲል ጠየቀኝ። በሌላ እጁ ከገበያ የገዛውን የተባይ መድኃኒት ይዞ ነበር። መድኃኒቱ ነፍሳትን የሚገድል ነው፤ በቅርንጫፉ ላይ ያለው ሕመም ግን ከነፍሳት የመጣ አይደለም። ገንዘቡ በከንቱ ሊባክን፥ በአደይ አበባ ላይ የሚውሉት ንቦችም በከንቱ ሊሞቱ ነበር።

ውድ አንባብያን፥ የቡና ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ ሰርጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ አውጥቶ ቢጠቁር፥ ሕመሙ «የቡና ፍሬ በሽታ» የሚባለው ነው። መንሥኤው ፈንገስ ሲሆን በደጋማና ዝናብ በሚበዛባቸው ቦታዎች ይበረታል፤ የዝናቡ ፍንጥቅጣቂም ከፍሬ ወደ ፍሬ ያዛምተዋል። በኬንያ በ1922 እ.ኤ.አ.፥ በአገራችን ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ታወቀ። ኬሚካል ይረጭ እንዳይባል በአንድ የዝናብ ወራት ደጋግሞ መርጨት ያስፈልጋል፤ ይህም ከአነስተኛው ገበሬ አቅም በላይ ነው።

ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው ከቡናው ከራሱ ነው። የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው በጎዳቸው ማሳዎች መካከል ፍሬያቸው ጤነኛ ሆኖ የቀሩትን ዛፎች እየፈለጉ ዘራቸውን ሰብስበው ፈተኑ። ብዙ ገበሬዎች በቁጥራቸው የሚያውቋቸው 74110 እና 74112 የተገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ «74» የተመረጡበትን ዓመት፥ 1974 እ.ኤ.አ.ን ያመለክታል። ምንጫቸው ግን ኢሉባቦር፥ የመቱ አካባቢ ነው። የሩቅ ዘር የሲዳማን ቡና ጣዕም እንዳይለውጥ የሚሠጋ ሰው ሥጋቱ ተገቢ ይመስለኛል፤ ከዚሁ ከአካባቢያችን ቡና የተመረጠው «አንጋፋ» የተባለው ዝርያ መኖሩም ደስ የሚያሰኘው ስለዚህ ነው። ይርጋለም አጠገብ የሚገኘውን የአዋዳን የቡና ምርምር ጣቢያ መጠየቅ ይጠቅማል።

ነባሩን ቡና በአንድ ቀን ነቅሎ መተካት አይቻልም። እስከዚያው የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ መቅበር፥ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ መግረዝ፥ ነፋስና ብርሃን እንዲገባ የጥላውን ዛፍ ማሳሳት ይገባል። ማሳሳት አልን እንጂ መጨረስ አላልንም፤ ተባይ የሚለቅሙ ወፎች የሚያድሩት በዋንዛው ላይ ነው።

ፍሬው ጫፉ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ የቡና ፍሬ ቦርቧሪ፥ ትንሽ ጥቁር ጥንዚዛ ነው። ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው የሚሻገረው በዛፍ ላይና በመሬት ላይ በቀረው ጀንፈል ውስጥ ተደብቆ ስለሆነ፥ ከለቀማ በኋላ አንዲት ፍሬ እንኳ ማስቀረት አይገባም። ቃርሚያውን ለድኾች ተዉ የሚለው የኦሪት ሕግ (ዘሌ. 19፥9-10) እዚህም ይሠራል፤ ድኻው አጥርቶ ከለቀመው ማሳው ይጸዳል። የኒም ፍሬ ጭማቂ አንዳንድ ነፍሳትን እንዳይበሉና እንዳያድጉ ያደርጋል፤ ለጠቆረው ፍሬ ግን መድኃኒት ነው ብላችሁ እንዳታስተምሩ አደራ።

ካቴኪስቶች ሆይ፥ በየቤቱ ስትገቡ ባዶውን የመድኃኒት ጀሪካን ልብ ብላችሁ እዩ። ታጥቦም ቢሆን ለውኃም ሆነ ለዘይት መያዣ አይሆንም።

ያ ምእመን መድኃኒቱን ሳይከፍተው ለነጋዴው መለሰ፤ በማግስቱም ከልጆቹ ጋር ጥቁሩን ፍሬ ሲለቅም ዋለ።