የጎልፍ ዕቃዎች ስምና ትርጓሜ
በደወሌ በኩል ዕቃ ለሚያስገቡ ነጋዴዎችና ለጉምሩክ አስተላላፊዎች የሚጠቅም ትምህርት

በንግድ ሥራ ከዋጋ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የዕቃው ስም ነው። ስሙ በትክክል ያልታወቀ ዕቃ በትክክል ሊመደብም ሆነ ሊቀረጥ አይችልም። በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን የምትገኘው የጠረፍ ከተማ ደወሌ ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው በዚህችው በር አልፎ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም ድንበሩን የሚሻገረው በደወሌ በኩል ነው። በዚህ መስመር ከስንዴና ከማዳበሪያ ጀምሮ እስከ መጫወቻ ዕቃ ድረስ ልዩ ልዩ ሸቀጥ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ያላየውን ዕቃ እንኳ በስሙ ሊያውቀው ይገባዋል።

ለዚህ ትምህርት የጎልፍ ዕቃ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎልፍ በጠረፍ ከተሞች የተለመደ ጨዋታ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ መኖሩ ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። የጨዋታው ዕቃዎች ስም ከሌላ ሸቀጥ ስም ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ ይህን የተማረ ሰው ሌላውንም አሳሳች ስም ለመለየት ይበረታል።

ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ አንባቢ በትርና ሩር እንዴት እንደሚገናኙ ያውቃል። ነገር ግን በገና ሁለት ወገን አንዲቱን ሩር ሲሻማ፣ በጎልፍ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ኳስ እየመታ በሜዳው ላይ በተዘጋጁ ጉድጓዶች ውስጥ ያስገባል። የተሟላ ሜዳ 18 ጉድጓዶች ሲኖሩት፣ የአንዱ ጉድጓድ አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ነው። በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር ከ14 የበለጡ መምቻዎች ይዞ እንዲጫወት ደንቡ አይፈቅድለትም።

አሁን ወደ ስሞቹ እንለፍ ሲባል፣ አንድ አስመጪ የሚከተለው የተጻፈበት የዋጋ ሰነድ ደረሰው እንበል፦ «6 ድራይቨር፣ 12 ዉድ፣ 24 አይረን፣ 10 ሻፍት፣ 40 ስሊቭ፣ 500 ቲ»። ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ቢያነብ ድራይቨርን ካቻቢቴ፣ ዉድን ጣውላ፣ አይረንን ካውያ፣ ሻፍትን የመኪና መለዋወጫ፣ ስሊቭን የልብስ እጅጌ፣ ቲን ሻይ ብሎ ሊተረጉም ይችላል። እያንዳንዱ ትርጉም ከመዝገበ ቃላት አንጻር ሐሰት አይደለም፤ ለዕቃው ግን ሐሰት ነው።

ክለብ፦ በተለመደው አነጋገር ማኅበር ማለት ነው፤ በጎልፍ ግን ኳሱ የሚመታበት ዱላ ነው። ስለዚህ በአማርኛ «የጎልፍ መምቻ» ቢባል ጥርጥር አይኖርም።

ዉድ፦ ዋጋው የናረ ማለት አይደለም፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ እንጨት ማለት ነው። ቀድሞ የመምቻው ራስ ከእንጨት ይሠራ ስለ ነበረ ይህ ስም ወጣለት። ዛሬ ራሱ ከብረት፣ ከቲታንየም ወይም ከካርቦን ጭረት ሲሠራ ስሙ ግን እንደ ቀድሞው ቀርቷል። ኳሱን በሩቅ ለመስደድ ያገለግላል። ድራይቨር የሚባለውም የዚሁ ወገን ሆኖ ከሁሉ ርቆ የሚመታው ነው።

አይረን፦ ራሱ ከብረት የተሠራ ቀጠን ያለ መምቻ ነው። በላዩ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ቁጥሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ዘንጉ ያጥራል፣ የራሱም ፊት ይጋደማል፤ በዚህም የተነሣ ኳሱ ከፍ ብሎ ይበርራል እንጂ ርቆ አይሄድም። ስለዚህ በሰነድ ላይ «7 አይረን» ተጽፎ ቢገኝ ሰባት መምቻ ማለት ይሁን ወይም ሰባተኛ ቁጥር የተጻፈበት አንድ መምቻ፣ ከእሽግ ዝርዝሩ ጋር ሳይመሳከር ብዛት መመዝገብ አይገባም።

ዌጅ፦ ቃሉ ሽብልቅ ማለት ሲሆን፣ ኳስን ከአሸዋና ከረዥም ሣር ለማውጣት የሚያገለግል መምቻ ነው። ፓተር ደግሞ በጉድጓዱ ዙሪያ ባለው የተስተካከለ ሣር ላይ ኳሱን በቀስታ የሚያንከባልል ነው።

ሻፍት፦ የመምቻው ዘንግ ነው። ግሪፕ የሚባለው የእጅ መያዣው ነው።

ስሊቭ፦ ሦስት ኳስ የሚይዝ ትንሽ ካርቶን ነው፤ አራት ስሊቭ አንድ ደርዘን ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው 40 ስሊቭ እንግዲህ 120 ኳስ ነው። በደንቡ መሠረት የአንዱ ኳስ ክብደት ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ወርዱም ከ42.67 ሚሊሜትር አያንስም። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ የጠቅላላውን ጭነት ክብደት ከኳሱ ብዛት ጋር ለማነጻጸር ይችላል።

ቲ፦ ኳሱ ለመጀመሪያው ምት የሚቀመጥባት ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራች ትንሽ ችንካር ናት።

ከጅቡቲ የሚመጡ ሰነዶች በፈረንሳይኛ ሊጻፉ ስለሚችሉ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ቋንቋ አይረን «ፌር»፣ ዉድ ደግሞ «ቧ» ይባላሉ፤ እነርሱም ብረትና እንጨት ማለት ናቸው። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው «ባል» የሚለው ቃል ነው፤ ይህ ቃል ኳስ ማለትም ቦንዳ ማለትም ይሆናል። «120 ባል» የሚለውን 120 ቦንዳ ብሎ የመዘገበ ሰው በጥቂት ካርቶን የሚያልቀውን ዕቃ የብዙ መኪና ጭነት አደረገው ማለት ነው።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ምድቡ ይከተላል። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም የሚሠራበትና ኤች.ኤስ. ኮድ እየተባለ የሚጠራው የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት ለጎልፍ የራሱን ቁጥሮች ሰጥቷል። ሙሉ መምቻ ከምንም ቢሠራ 9506.31፣ ኳሱ 9506.32፣ ቲና ለብቻቸው የሚመጡ የመምቻ ክፍሎች 9506.39 ናቸው። ነገር ግን ራሱ፣ ዘንጉና መያዣው ተሟልተው ለመገጣጠም ብቻ ተፈታትተው ቢመጡ እንደ ሙሉ መምቻ ይቆጠራሉ።

ጎልፍ የሚል ስም የያዘ ሁሉ ግን በዚህ ቁጥር አይገባም። ለብቻው የሚመጣ የጎልፍ ቦርሳ በ4202፣ ከቆዳ የተሠራ የጎልፍ ጓንት በ4203.21፣ ጫማው በምዕራፍ 64 ይመደባል። በሞተር የሚሄደው የጎልፍ መኪና በ8703.10፣ በእጅ የሚጎተተው ጋሪ ደግሞ በ8716 ይታያል። የቀረጡ ልክ ሊለወጥ ስለሚችል ምንጊዜም በሥራ ላይ ካለው የታሪፍ መጽሐፍ መመልከት ይገባል።

ከዕቃ ስሞች ሌላ በካርቶን ላይ ታትመው የሚገኙ የውጤት ቃላትም አሉ። ለአንድ ጉድጓድ የተወሰነው የምት ልክ «ፓር» ይባላል፤ ከዚያ በአንድ ያነሰ «በርዲ»፣ በሁለት ያነሰ «ኢግል»፣ በአንድ የበለጠ «ቦጊ» ይባላል። በርዲ ትንሽ ወፍ፣ ኢግል ንስር ማለት ቢሆንም፣ በሣጥኑ ውስጥ ወፍ እንደሌለ ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለቃላት ፍቅር ብቻ የሚደረግ አይደለም። ኮንቴይነሩ በደወሌም ሆነ በድሬዳዋ ወይም በሞጆ ደረቅ ወደብ ሲፈተሽ በሰነዱ የተጻፈውና በዓይን የታየው ካልተስማሙ ዕቃው ይቆማል። በቆመበት ቀን ሁሉ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴይነር ማዘግያ ይቆጠራል፤ የቀረጥ ልዩነትና ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ኪሳራው የሚያርፈው በአስመጪው ላይ ሲሆን፣ ስሙ የሚጎድፈው ደግሞ የአስተላላፊው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አስመጪው ገና ዕቃውን ሲያዝዝ፣ ሻጩ በዋጋ ሰነዱ ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ሙሉ ስም፣ የተሠራበትን ነገር፣ ብዛቱን በፍሬና አገልግሎቱን እንዲጽፍ ይጠይቅ። አስተላላፊውም በዲክላራሲዮኑ ላይ «6 ድራይቨር» በማለት ፈንታ «የጎልፍ መምቻ፣ ድራይቨር የሚባለው፣ ራሱ ከቲታንየም የተሠራ፣ ሙሉ፣ ብዛት 6» ብሎ ይጻፍ። «40 ስሊቭ» የሚለውም «የጎልፍ ኳስ፣ ብዛት 120፣ በሦስት በሦስት የታሸገ» ይሁን። የሚጨመሩት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የሚጽፋቸውም ሰው ከአንድ ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይፈጅበትም።