ሱቅ ከተቃጠለ በኋላ

ነጋዴ ስለ ትርፍና ስለ ኪሣራ ዘወትር ያስባል፤ ስለ አደጋ ግን አደጋው ከመድረሱ በፊት የሚያስብ ጥቂት ነው። ቢያስብም «እግዚአብሔር ይጠብቀን» ብሎ ያልፈዋል እንጂ፥ አደጋው በደረሰ ማግስት ጧት ማን ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ የሚማከር ንግድ ቤት በከተማችን በወገዳ አላየሁም። እኔ የምጽፈው አደጋን ስለ መከላከል አይደለም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የምጽፈው አደጋ ከደረሰ በኋላ ንግዱ እንደገና ይቆም ዘንድ አስቀድሞ ምን ተዘጋጅቶ መገኘት እንዳለበት ነው። ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣኝ በኢኮኖሚክስ ክፍል የተማርሁት ብቻ ሳይሆን በቤታችን የደረሰው ነገር ስለ ሆነ ከዚያው እጀምራለሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እኛ እቴቴ እንላታለን። በገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ጨው፥ ስኳር፥ ዘይት፥ ሳሙና፥ ክብሪት፥ የባትሪ ድንጋይና የፕላስቲክ ጫማ ትሸጣለች፤ በበጋ ደግሞ እህል ትገዛለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ከቆላው የሚወጡ ገበሬዎች ናቸው። ገበሬ ገንዘብ የሚይዘው እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ስለ ሆነ፥ ከሰኔ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ የሚያስፈልገውን ሁሉ በዱቤ ይወስዳል። እቴቴ ማንበብና መጻፍ አልተማረችም፤ የዱቤውን ደብተር የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ትምህርት ቤት በምውልበት ሰዓት ደግሞ ሱቁን የሚረዳት ልጅ ማን ምን እንደ ወሰደ በቃሉ ይዞ ማታ ይነግረኛል፤ እኔም እጽፈዋለሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በጥቅምት ወር አንድ ሌሊት ሱቁ ተቃጠለ። ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ስለ ነበረ ሱቁን የዘጋነው ሻማ አብርተን ነው። ማን ሳያጠፋው እንደ ወጣ እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃና አፈር ይዞ ደረሰልን፤ እሳቱም ወደ ሌሎቹ ሱቆች ሳይሻገር ጠፋ። የእኛው ግን ከቆርቆሮው በቀር የተረፈው ነገር አልነበረም።

ጧት እቴቴ አመዱን በእንጨት እየገላለጠች ስትፈልግ አገኘኋት። ገንዘብ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። «ደብተሩስ?» አለችኝ። ደብተሩ በባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ባንኮኒው ግን አልነበረም።

በኋላ ቁጭ ብለን ስናሰላው፥ የተቃጠለው ዕቃ በሰው እጅ ካለው ዱቤ ሲነጻጸር ሲሶውን ያህል እንኳ አይሆንም። ወሩ ጥቅምት ነው፤ የክረምቱ ዱቤ ሁሉ ተከማችቶ መከሩ ገና አልገባም። እንግዲህ እሳቱ በእውነት የበላው ስኳሩንና ዘይቱን ሳይሆን ያን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነበር ማለት ነው። እኔ ስሞቹን ከሞላ ጎደል አስታውሳለሁ፤ የገንዘቡን ልክ ግን አላስታውስም። ያ ረዳት ልጅ ከእኔ ይልቅ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ሱቅ ከሌለ ደመወዝ የለም ብሎ በሦስተኛው ቀን ከመንደሩ ልጆች ጋር ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ወረደ። ማንም «ቈይ፥ ትፈለጋለህ» ያለው አልነበረም። ስልክም አልነበረው። በእርሱ ልብ ውስጥ የነበረው ሒሳብ አብሮት መተማ ሄደ።

ሰው እንዴት እንደ ሆነ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሽማግሌ ከቆላው ድረስ በእግራቸው መጡ። ከእኛ ሱቅ ዕቃ በወሰዱ ቁጥር በበራቸው መቃን ላይ በከሰል አንድ ጭረት ይጭሩ ኖሯል። ጭረቱን ቆጥረው፥ «ልጄ፥ ይኸን ያህል ነው፤ ጻፍ» አሉኝ። የነገሩኝም እኔ ከማስታውሰው ይበልጥ ነበር። እንደ እርሳቸው ያሉ ሌሎችም መጥተዋል። መንገድ ላይ ሲያዩን ፊታቸውን የሚያዞሩም ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክፉዎች ሆነው ሳይሆን ልኩን እነርሱም ስለ ረሱት ይመስለኛል። የሆነው ሆኖ ከዱቤው ገሚሱ ያህል ሳይመለስ ቀርቷል።

እድራችን ለሞት እንጂ ለእሳት የሚከፍል ደንብ አልነበረውም። ያዳነን ዕቁቡ ነው። እቴቴ ዕጣዋ ገና ሩቅ ነበር፤ ነገር ግን የዕቁቡ ዳኛ ማኅበርተኞቹን ሰብስበው ሲያማክሩ፥ በዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣላቸው አንዲት ጠላ ሻጭ ተራቸውን ለእርሷ ለወጡላት። በዚያ ገንዘብ በጥር ወር ሌላ ቤት ተከራይታ ከፈተች። እዚህ ላይ የማስተውለው ነገር አለ፤ የዕቁቡ ጸሐፊ መዝገቡን የሚያኖሩት በቤታቸው ሲሆን ዳኛው ደግሞ ግልባጩን ይይዛሉ። አንዲት ሱቅ ያላደረገችውን ዕቁቡ ከጥንት ጀምሮ ሲያደርገው ኖሯል።

ይህ የአንዲት ትንሽ ሱቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ ጥፋት የደረሰበት ሕዝብና ድርጅት እንዴት እንደ ቆመ ብንመለከት ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን።

ታሪክ ክፉ ቀን ብሎ በሚጠራው ዘመን፥ ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ፥ የከብት በሽታ ገብቶ የአገሪቱን ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን እጅ ያህል እንደ ፈጀ ተጽፏል። ገበሬ በሬው ሲሞት መሬቱ አልሞተም፥ ዘርም ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ማረሻውን የሚስበው ጉልበት ነው። ብዙው ሰው ያለ በሬ እርሻ የሚባል ነገር አለ ብሎ አያስብም ነበር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት መቆፈራቸው የሚነገረው ስለዚህ ነው፤ ንጉሥ ሲቆፍር ያየ መኰንን መቆፈር አላሳፈረውም። ሁለተኛ የአሠራር መንገድ ማለት ይህ ነው። የሚያሳዝነው፥ መንገዱ የተፈለገው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ያ የከብት በሽታ ዛሬ የለም፤ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

መንገዱን አስቀድሞ ያዘጋጀ ድርጅት ደግሞ ምን እንደሚመስል የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያሳየናል። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያው ሰሞን አገሮች ሁሉ ድንበራቸውን ስለ ዘጉ መንገደኛ የሚባል ጠፋ። በሌላው ዓለም ስመ ጥር አየር መንገዶች ከመንግሥታቸው የድጎማ ገንዘብ ሲለምኑና ሠራተኛ ሲያሰናብቱ፥ የእኛው አየር መንገድ ወደ 25 ከሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበሩን አስነቅሎ ጭነት ጫነባቸው። ሰው ሲቀመጥበት በነበረው ስፍራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና መድኃኒት ተጓጓዘ። ቋሚ ሠራተኞቹንም አላሰናበተም።

ይህን ሲሰሙ «ብልሃተኞች ናቸው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብልሃቱ በዚያ ወር የተገኘ አይደለም። ከበሽታው በፊት ትልቅ የጭነት መጋዘን ሠርቶ፥ የጭነት አውሮፕላኖችም ገዝቶ ነበር። ወንበር የሚነቅሉትን መካኒኮች በራሱ ትምህርት ቤት አስተምሮ በራሱ ጥገና ክፍል ያሠራቸው ነበር። እነዚያን ሰዎች አሰናብቶ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ቆሞ ይቀር ነበር። ስለዚህ ነገር በክፍል ውስጥ ስንከራከር አንዱ ጓደኛዬ «ሀብታም ስለ ሆነ ነው» አለኝ። ሀብት እንደሚረዳ አልክድም፤ ሆኖም እቴቴ ያን ልጅ «ደብተሩን እስክናድስ ሁለት ሳምንት ቈይ፤ ምሳህን ከእኛ ብላ» ብትለው ኖሮ የሚያስወጣት ገንዘብ ምን ያህል ነበር?

እሳት ብቻም አይደለም የሚያሰጋን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንት በደረሰ ጊዜ በነፋስ መውጫ ብዙ ሱቅና የጤና ድርጅት ተዘርፏል። በአዲስ አበባም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴ ሀብት ወድሟል፤ መንገዱ ጠባብ ስለ ነበረ የእሳት አደጋ መኪናዎች ለመግባት ተቸግረው ነበር።

ስለ ኢንሹራንስ ጥቂት ልበል። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ከ1986ቱ አዋጅ ወዲህም ሌሎች የግል ኩባንያዎች፥ የእሳት ዋስትና ይሸጣሉ። እንደ ወገዳ ባለ ከተማ ግን ትንሽ ሱቅ ይህን ሲገዛ አላየሁም። የሚገዛ ቢኖር እንኳ፥ ካሣ ሲጠይቅ የጠፋው ዕቃ ምን ያህል እንደ ነበረ በዝርዝርና በደረሰኝ አስረዳ ይባላል። ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር ከተቃጠለ ምን ያሳያል? ዋስትናውም ወደዚያው ወደ ደብተሩ ይመልሰናል።

አሁን ብዙ ሰው «በስልክ ይያዛላ!» ይላል። እውነት ነው፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የተከፈለው ገንዘብ ከሱቁ ውጭ ተመዝግቦ ይኖራል፤ የደብተሩን ገጽ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሌላ ሰው መላክም ይቻላል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስልክም ይሰረቃል፥ ውሃም ይገባዋል። ስለዚህ ስልኩ ለወረቀቱ ረዳት ይሁን እንጂ ብቻውን አይታመን።

ወላጆቻቸው ንግድ ያላቸው ጓደኞቼ ዛሬ ማታ እቤታቸው ሲገቡ ይህን እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ይህ ቤት ዛሬ ሌሊት ቢጠፋ ማን ምን እንዳለበት የሚያሳይ ወረቀት በሌላ ጣራ ሥር አለን? ዕቃ የሚያመጣልንን የደብረ ታቦሩን ነጋዴ ከአባታችን በቀር የሚያውቀው ማን ነው? እኔ በቤታችን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ ሁለቱንም አሳፋሪ ነበር። ሠራተኛም ካለ አደጋ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው ምን እንደ ሆነና እስከ መቼ ደመወዙ እንደማይቋረጥ በደኅና ቀን ይነገረው። በደኅና ቀን የተነገረ ነገር በክፉ ቀን ይታመናል፤ በአመዱ ላይ ቆሞ የሚሰጥ ተስፋ ግን እንደ ማባበል ይቈጠራል። ለዚያ ደመወዝ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ከሱቁ ሒሳብ ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ይህ ቀላል አይደለም፤ እቴቴ በየገበያው ቀን ጥቂት ብር ለብቻ ማኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ለማዳበሪያ፥ ለልቅሶ፥ ለእኔም ደብተርና ዩኒፎርም ሦስት ጊዜ አውጥታዋለች።

ዛሬ በአዲሱ ሱቅ ዱቤው በሁለት ደብተር ይጻፋል። አንዱ በሱቁ ነው። ሁለተኛውን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እገለብጠውና የዕቁቡ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጣል። እቴቴም ቁጥር ማንበብ ተምራለች፤ ስሙን ባታነብ እንኳ ከስሙ አጠገብ እኔ የማላውቀውን የራሷን ምልክት ታደርጋለች፤ አንዱን ደንበኛ በጅራፍ፥ አንዱን በጀበና ታውቀዋለች። ያ ልጅ ከመተማ ተመልሶ ከእኛ ጋር ይሠራል። በወረደበት ጊዜ ያስታወሰውን ሁሉ ሲነግረን አብዛኛው ትክክል ነበር፤ ሰዎቹ ግን በዚያን ጊዜ እህላቸውን ሸጠው ገንዘቡን ጨርሰውት ነበር።

አንድ ነገር ሳይዘጋጅ ቀርቷል፤ እርሱም እኔ ነኝ። በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍልን ፈተና እፈተናለሁ፤ ባልፍ ወደ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ እሄዳለሁ። ስለዚህ ከየካቲት ጀምሮ ሰባተኛ ክፍል ያለችውን የእቴቴን ልጅ ግልባጭ እያስጻፍኋት ነው። ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል፤ መደመር ላይ ግን ትቸኩላለች። ባለፈው እሑድ የአንድ ሰውዬ የጨው ሒሳብ 60 ብር አጕድላ አገኘሁባትና ገጹን እንደገና አስጻፍኋት። አኵርፋ ሁለቱን ደብተሮች ጎን ለጎን ዘርግታ ስትቈጥር ቈየችና፥ ከላይ በሦስተኛው መስመር ላይ እኔ ራሴ የሳትሁትን 15 ብር አገኘችብኝ።