በባሕር ዓሣ ላይ ስለሚወጣው የነጭ ነጥብ ሕመም፤ ስለ ጠባዩና ስለ ማዳኛው

የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳም ሆነ በባሕር ውስጥ በተዘረጋ የመረብ በረት በሚጠበቅበት አገር ኹሉ፣ አርቢዎች እጅግ ከሚፈሩት ሕመም አንደኛው የነጭ ነጥብ ሕመም ነው። ይህን ሕመም የሚያመጣው አንድ ረቂቅ ተውሳክ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚል ስም ተሰጥቶታል። በሰፊው ባሕር ውስጥ ዓሣው ተበትኖ ስለሚኖር ተውሳኩ ብዙ ጕዳት ሳያደርስ ይቀራል። ዓሣው በጠባብ ስፍራ በተከማቸ ጊዜ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገንዳውን ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

ኢትዮጵያ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1993 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የሌላት ብትሆንም፣ የዚህን ሕመም ጠባይ ማወቅ ከብትና ዓሣ በሚረባበት አገር ለተሾመ ሰው ኹሉ ይጠቅማል። ምክንያቱም ሕመሙ የሚታየው በእንስሳው ላይ ሆኖ ሳለ፣ ሥሩ ተሰውሮ የሚቀመጠው እንስሳው በሚያድርበት ስፍራ ነውና።

የሕመሙ ምልክት

የታመመ ዓሣ በቈዳውና በክንፎቹ ላይ የጨው ቅንጣት የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ይወጡበታል። ገላውን በድንጋይና በአሸዋ ላይ ያሻሻል፤ መብል ይተዋል፤ ልጋጉ ይበዛል፤ ዐይኑም ይደፈርሳል። ተውሳኩ በመተንፈሻው ውስጥ የገባበት ዓሣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ወደ ውሃውም ፊት ወጥቶ አየር ይፈልጋል። ነጥቡ በመተንፈሻው ውስጥ ብቻ ሆኖ በውጭ ሳይታይ ዓሣው የሚሞትበት ጊዜ ስላለ፣ ነጥብ አለመታየቱን ብቻ አይቶ ዓሣውን ጤነኛ ነው ማለት አይገባም።

የተውሳኩ አኗኗር

መድኀኒቱ የሚገባበትን ጊዜ ለማወቅ አስቀድሞ የተውሳኩን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። አኗኗሩም በአራት ይከፈላል።

1ኛ፤ በዓሣው ላይ። ተውሳኩ ከዓሣው ቈዳ በታች ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ድረስ እየበላ ይወፍራል። ነጩ ነጥብ ይህ ነው።

2ኛ፤ ከዓሣው መውረድ። ጠግቦ በወፈረ ጊዜ ዓሣውን ለቆ ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል። ይህንም የሚያደርገው በጨለማ ነው።

3ኛ፤ በወለል ላይ። በድንጋይና በአሸዋ ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል፤ በዚያም ውስጥ እየተከፋፈለ ይበዛል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 28 ቀን ይፈጃል። ከአንዱም እስከ 200ና ከዚያም በላይ የሚሆኑ ልጆች ይወጣሉ።

4ኛ፤ በውሃ ውስጥ። የወጡት ልጆች እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። የሚወጡትም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ ንጋት ሲቃረብ ነው፤ በዚያን ሰዓት ዓሣው በወለሉ አጠገብ ዐርፎ ስለሚገኝ በቀላሉ ይይዙታል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ አርቢ ይሳሳታል። ነጥቦቹ በጥቂት ቀን ውስጥ በጠፉ ጊዜ ዓሣው የዳነ ይመስለዋል፤ መድኀኒቱንም ያቋርጣል። ነገር ግን ተውሳኩ አልሞተም፤ ለመባዛት ወደ ወለል ወረደ እንጂ። ከሳምንት በኋላ በብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል፤ በመጀመሪያው ጊዜ የተረፈው ዓሣም በሁለተኛው ይሞታል።

የማዳኛው መንገድ

በቈዳው ውስጥ ያለውንና በወለል ላይ በሽፋን የተደበቀውን ተውሳክ መድኀኒት በቀላሉ አያገኘውም። ስለዚህ ሕክምናው ኹሉ ልጆቹ በሚወጡበት ጊዜ ለመያዝ፣ ወይም ዓሣውን ከወለሉ ለማራቅ የታሰበ ነው።

1ኛ፤ መዳብ። ከመዳብ የሚሠራ መድኀኒት በውሃው ውስጥ በአንድ ሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ነጻ መዳብ እንዲገኝ ሆኖ ይጨመራል፤ ከ3 ሳምንትም ሳያንስ ይቈያል። መጠኑ ቢያንስ ተውሳኩ አይሞትም፤ ቢበዛ ዓሣው ይመረዛል፤ ስለዚህ በየቀኑ መለካት ግድ ነው። መዳብ ሽሪምፕን፣ ሸርጣንንና ኮራልን ስለሚገድል፣ የኖራ ድንጋይና ዛጎልም መዳቡን ከውሃው ስለሚመጥጡ፣ ሕክምናው ባዶ ወለል ባለው በሌላ ገንዳ ይደረጋል።

2ኛ፤ ጨውን መቀነስ። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የቀይ ባሕር ውሃ ደግሞ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ይህ ቀስ በቀስ ወደ 16 ግራም ወይም ከዚያ በታች በወረደ ጊዜ፣ በሽፋን ውስጥ ያለው ተውሳክ ውሃ ገብቶበት ይፈነዳል። ውሃው በዚህ መጠን ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይጠበቃል፤ ወደ ቀድሞው መጠን የሚመለሰውም በዝግታ ነው። ይሁን እንጂ ያነሰ ጨው የሚችል የተውሳኩ ዘር በአንዳንድ ስፍራ ስለ ተገኘ፣ ዓሣውን መከታተል አይተውም።

3ኛ፤ ዓሣውን ማዛወር። ኮሎርኒ የተባለው ሊቅ በቀይ ባሕር ዳር በኤላት ከተማ ያጠናውን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1987 ዓ.ም. አሳትሟል። በዚህ መንገድ ዓሣው በየ3 ቀኑ ታጥቦ ወደ ደረቀ ንጹሕ ገንዳ አራት ጊዜ ይዛወራል። ተውሳኩ በዓሣው ላይ ከ7 ቀን እምብዛም ስለማይቈይ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ኹሉም ይወርዳል፤ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊትም ዓሣው ስፍራውን ለቆ ይሄዳል። ይህ ድካም እንጂ መድኀኒት አይጠይቅም።

በማናቸውም መንገድ ቢሆን፣ ሕመሙ የነበረበት ገንዳ ከ6 ሳምንት ሳያንስ ያለ ዓሣ ይቀመጣል። ዓሣ ያጣው ተውሳክ በዚያው ያልቃል።

ከሕመም በፊት መጠበቅ

ከሕመሙ የተረፈ ዓሣ ሰውነቱ ተውሳኩን መቋቋም ይለምዳል፤ ጥቂት ተውሳክ ግን ይዞ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ጤነኛ መስሎ የሚታይ አዲስ ዓሣ ሕመሙን ይዞ ይገባል። አዲስ የመጣ ዓሣ ከነባሩ ጋር ሳይቀላቀል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ለብቻው ይቀመጥ፤ መረቡና ባልዲውም የተለየ ይሁን፤ የመጣበትም ውሃ ወደ ገንዳው አይፍሰስ።

ለአገራችን የሚገኝ ትምህርት

በጣፋጭ ውሃ ዓሣ ላይ እንዲሁ ያለ ነጭ ነጥብ የሚያወጣ ሌላ ተውሳክ አለ። ዘሩ ከዚህኛው የተለየ ቢሆንም አኗኗሩ ይመስለዋል። የባሕሩን ተውሳክ የጨው ማነስ ሲጐዳው፣ ይህንኛውን ጨው መጨመር ይጐዳዋል። ስለዚህ የቆሮሶ ጫጩት ከአንዱ ኵሬ ወደ ሌላው በሚወሰድበት ጊዜ፣ ሹሙ ጫጩቱ ለብቻው ተቀምጦ እንዲታይ ቢያዝ፣ የብዙ ሰው ድካም ከጥፋት ይድናል።

የከብትም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። መዥገር ደም ጠግቦ ከላሟ ላይ በወደቀ ጊዜ ባለቤቱ ላሚቱ የነጻች ይመስለዋል፤ መዥገሩ ግን በመስኩ ላይ እንቍላሉን በሺሕ ይጥላል፤ የሚፈለፈሉትም በሣር ላይ ሆነው ከብት ይጠብቃሉ። ላሚቱን ብቻ አክሞ መስኩን የረሳ ሰው፣ ዓሣውን አክሞ ገንዳውን እንደ ረሳ ሰው ነው። መስክን በየተራ ማሳረፍ፣ ከገበያ የተገዛውንም ከብት ከመንጋው ሳይቀላቅሉ ለብቻው ማቈየት ከዚሁ ምክር ይወጣል።

በአንድ ወረዳ ውስጥ ሕመም በተሰማ ጊዜ፣ ሹሙ ሦስት ነገር አስቀድሞ ይጠይቅ፤ የታመመው እንስሳ ከወዴት መጣ? ከማን ጋር ተቀላቀለ? ያደረበትስ ስፍራ ምን ተደረገ? ምልክቱም በጠፋ ጊዜ ጥበቃው የተወሰነለት ቀን ሳይፈጸም አይነሣ።