በራያ ቆላ ያለፈው ሐኪም

በ1928 ዓመተ ምሕረት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ጆን ሜሊ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የቀይ መስቀል ባልደረቦቹን ይዞ በወልድያ አድርጎ ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ ቆላ ወረደ፤ ኋላም ወደ ኮረም ደጋ ወጣ። ይህ ሰው ክርስቲያን ነበረ፤ ከጦርነቱም አስቀድሞ በአዲስ አበባ ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የሕክምና ቤት ለማቆም ይመኝ ነበር።

ወደ ድንኳኑ ከመጡት ብዙዎቹ በመርዝ የተቃጠሉ ነበሩ። የሰናፍጭ ጋዝ የሚሉት ይህ መርዝ እንደ ዘይት ሆኖ በልብስና በገላ ላይ ይጣበቃል፤ ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፥ ቆዳው ከብዙ ሰዓት በኋላ ያብጣል። እንግዲህ የተቃጠለውን «አይዞህ» ብሎ የሚያቅፍ ሰው፥ ልቡ እጅግ መልካም ቢሆንም፥ ራሱ ይቃጠላል እንጂ በሽተኛውን አይጠቅመውም። አስቀድሞ ልብሱን መግፈፍ፥ ገላውን በብዙ ውኃ ማጠብ፥ ከዚያም ቍስሉን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይገባል። እንዲህ ያለው ርኅራኄ ትምህርት ይሻል፤ ውኃም ይሻል፥ በበጋ በራያ ቆላ ውኃ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ግን የአገሩ ሰው ያውቃል።

የካቲት 25 ቀን የኢጣልያ አውሮፕላን በኮረም ሜዳ ድንኳኖቹን በቦምብ ደበደበ። ቀዩ መስቀል በግልጥ ይታይ ነበር፤ በሽተኞችም ሞቱ። ሜሊ ከዚህም በኋላ ሥራውን አልተወም።

ሚያዝያ 25 ቀን አዲስ አበባ በዘረፋና በተኩስ በተሞላች ጊዜ፥ በጎዳና የወደቁትን ቍስለኞች ሲረዳ በጥይት ተመታ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ሞተ። የመታው ሰው የኢጣልያ ወታደር አልነበረም፤ ከተማይቱን ከሚዘርፉት አንዱ ነበረ።