ከመሪ ክፍል ወደ ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት፦ የሰርጓጅ መርከብ መኮንን የሙያ ጉዞና የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ልምድ

መግቢያ

በፕሮጀክት ሥራ አመራር የትምህርት መስክ ፐርት የተባለውን የጊዜ መገመቻ ዘዴ ሳይማር የሚመረቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ተግባር አጭሩን፣ ሊሆን የሚችለውንና ረጅሙን ጊዜ ገምቶ፣ ሊሆን የሚችለውን በ4 አባዝቶ፣ ሦስቱን ደምሮ ለ6 ማካፈል ከፈተና የማይጠፋ ስሌት ነው። ስሌቱ ከየት እንደ መጣ ግን በክፍል ውስጥ እምብዛም አይነገርም። የተወለደው በፋብሪካ ወይም በመንገድ ሥራ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ በውኃ ውስጥ ካለ ሰርጓጅ መርከብ ሚሳይል የሚወነጨፍበትን መንገድ እንዲያበጅ በተቋቋመ አንድ ጽሕፈት ቤት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ጽሕፈት ቤት ያስገኘውን ሙያ ይመረምራል። የሰርጓጅ መርከብ መኮንን በአንድ የሥራ ዘመን መርከብ ያዝዛል፤ ከዚያም መርከቡ የሚሠራበትንና የሚጠገንበትን የምሕንድስና ፕሮግራም ይመራል። ኢትዮጵያ ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ነገር ግን ከ40 ዓመታት በላይ የቆየ ባሕር ኃይል ነበራት፤ ዛሬም እንደገና በማቋቋም ላይ ትገኛለች። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ የቀድሞው ባሕር ኃይል መርከብ የሚያዝዙ ሰዎችን ሲያፈራ፣ የመርከቡን ዕድሜ የሚወስነው የምሕንድስና አመራር ግን በየጊዜው በሚለዋወጡ የውጭ አጋሮች እጅ ቀርቶ ነበር።

ሁለት እጆች ያሉት መኮንን

በአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ መኮንን የሚሆን ወጣት መርከቡ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለስድስት ወር ያህል የሬአክተር ፊዚክስን፣ የሙቀት ሽግግርንና የኤሌክትሪክ ትምህርትን በክፍል ይማራል፤ ለተመሳሳይ ጊዜ ደግሞ በእውነተኛ የሥልጠና ሬአክተር ላይ ይለማመዳል። መርከቡ ላይ ከተመደበ በኋላ የሚጠብቁት ፈተናዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአንድ በኩል መርከቡን መንዳት፣ በፔሪስኮፕ ማየት፣ ድምፅን ከድምፅ መለየት አለበት። በሌላ በኩል የሞተር ክፍሉን በኃላፊነት ለመምራት የሚያበቃውን የምሕንድስና ፈተና ማለፍ ግዴታው ነው። ይህን ፈተና ያላለፈ መኮንን በዚያ መስመር ወደ መርከብ አዛዥነት አያድግም።

ይህ ሥርዓት የአንድ ግትር ሰው አሻራ አለበት። አድሚራል ሃይማን ሪክኦቨር የምሕንድስና መኮንን ነበሩ። እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ድረስ የባሕር ኃይሉን የሬአክተር ፕሮግራም ሲመሩ ለኑክሌር መርከቦች የሚታጩትን መኮንኖች ራሳቸው እየጠሩ ይመረምሩ ነበር። የመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ ጃንዋሪ 17 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. በኑክሌር ኃይል ስትንቀሳቀስ፣ ከመርከቧ ጋር አዲስ ዓይነት መኮንንም ወደ ባሕር ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አዛዡ ከእግሩ በታች ያለውን ማሽን እንደ መሐንዲስ ማወቅ ነበረበት።

ከጥቂት ዓመታት የባሕር ላይ አገልግሎት በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ከፊሉ በአዛዥነት መስመር ይቀጥላል። ከፊሉ ወደ ምሕንድስና መኮንንነት ተዛውሮ በመርከብ ግንባታ ጣቢያዎችና በፕሮግራም ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ በጀት፣ ውል፣ ንድፍና ሙከራ ይመራል። በዚህ ሁለተኛው መስመር የሚፈለገው ችሎታ ከሲቪል ፕሮጀክት መሪ ችሎታ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ የሚፈርምበትን መርከብ ውስጥ ኖሮ የሚያውቀው መሆኑ ነው።

ከፖላሪስ እስከ ትሬሸር

በመግቢያው የተጠቀሰው ጽሕፈት ቤት በ1955 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የተቋቋመው የልዩ ፕሮጀክቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ኃላፊው ሪር አድሚራል ዊሊያም ራቦርን በሙያቸው አብራሪ ነበሩ። የቴክኒክ ዳይሬክተሩ ሌቨሪንግ ስሚዝ ደግሞ የመሣሪያ ምሕንድስና ሰው ናቸው። ፖላሪስ ሚሳይል በታቀደለት ጊዜ እንዲደርስ ያደረገው ትልቁ ውሳኔ በቻርት ላይ የተሣለ አልነበረም። በግንባታ ላይ የነበረ የሌላ ሰርጓጅ መርከብ አካል ለሁለት ተቆርጦ 40 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሚሳይል ክፍል በመሃሉ ገባ። በዚህ መንገድ የተሠራችው ጆርጅ ዋሽንግተን 16 ሚሳይሎችን የምትሸከም ሆነች፤ ጁላይ 20 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ከውኃ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ፖላሪስ ሚሳይሎች አስወነጨፈች። ይህን ዓይነት ውሳኔ የሚደፍር የመርከብን አካል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ስለ ፐርት ራሱ ሃርቬይ ሳፖልስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የሚለው የተማሪን ስሜት ሊያቀዘቅዝ ይችላል። በእርሳቸው ግምገማ ዘዴው ሥራውን በመምራት ረገድ የነበረው ድርሻ ከተወራለት ያነሰ ነው፤ ይልቁንም ጽሕፈት ቤቱ በሚገባ እንደሚመራ ለውጭ ተመልካች በማሳየትና ጣልቃ ገብነትን በመከላከል በኩል ጠቅሟል። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ የሥራ መርሐ ግብሮችን ያየ ሰው ለዚህ አባባል ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሊረሳ የማይገባው ግን ስሚዝ በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ቆይተው ከ1965 ጀምሮ በኃላፊነት እንደመሩትና እስከ 1977 እ.ኤ.አ. እንደዘለቁ ነው። ዕውቀቱ በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ እየተንከባለለ አልጠፋም።

ሁለቱ እጆች ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ ያሳየው የትሬሸር አደጋ ነው። መርከቧ ረጅም የጥገና ጊዜዋን ጨርሳ በጥልቅ ውኃ ስትፈተን ሚያዝያ 2 ቀን 1955 ዓ.ም. (ኤፕሪል 10 ቀን 1963 እ.ኤ.አ.) 129 ሰዎችን ይዛ ሰጠመች። ምርመራው ለአደጋው ዋነኛ መነሻ ሊሆን ይችላል ያለው የባሕር ውኃ የሚያልፍበት ቧንቧ መጋጠሚያ መላቀቅ ነው። መርከቧን ወደ ላይ ሊያወጣት ይገባ የነበረው የታመቀ አየርም በቧንቧው ውስጥ በተፈጠረ በረዶ ሳይታገድ አልቀረም። ሠራተኞቹ ጀግኖች ወይም ሰነፎች መሆናቸው በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጉዳዩ የተወሰነው በጥገና ጣቢያው ነበር። በዚያው ዓመት የተጀመረው የሰርጓጅ መርከብ ደኅንነት ፕሮግራም የውኃ ግፊት የሚያርፍበት እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው ብረት እንደተሠራ፣ ማን እንደበየደውና ማን እንደፈተሸው የሚያሳይ መዝገብ እንዲኖረው አዘዘ። ማስረጃው ያልተሟላለት መርከብ በደኅንነቱ የተረጋገጠ ተብሎ አይፈረምለትም።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል፦ ማዘዝና መጠገን

በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር ሀገሪቱ የቀይ ባሕር ጠረፍ አገኘች። በ1955 እ.ኤ.አ. ባሕር ኃይሉ ተመሠረተ፤ ዋና የጦር ሰፈሩም ምጽዋ ሆነ። በተከታዩ ዓመት የተከፈተው የባሕር ኃይል ኮሌጅ ዕጩ መኮንኖችን 52 ወራት በሚፈጅ ትምህርት ያሠለጥን ነበር። ትምህርቱንና አደረጃጀቱን የመሩት በአብዛኛው የኖርዌይ መኮንኖች ናቸው፤ ጡረታ የወጡ እንግሊዛውያንም ነበሩበት። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በምክትል አዛዥነት አገልግለዋል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

የመርከቦቹ ታሪክ የሠራተኞቹን ያህል አልተጻፈም፤ ይህም በራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1962 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የመጣች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባሕር አውሮፕላኖችን እንድትደግፍ የተሠራችና ቀድሞ ኦርካ ትባል የነበረች ናት። ከባድ ጦርነት እንድትገጥም የታሰበች አይደለችም። ለአውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ለባለሙያዎቻቸው መኝታና ወርክሾፕ እንድትይዝ በመሠራቷ ግን ለዕጩ መኮንኖች ማሠልጠኛነት ተስማሚ ነበረች። ከእርሷ ጋር የጥበቃ ጀልባዎች ነበሩ። አንድ ወጣት መኮንን በእነዚህ መርከቦች ላይ አቅጣጫ መተለምን፣ መልሕቅ መጣልን፣ በአዛዥነት ቃል መስጠትን ጠንቅቆ ሊማር ይችላል። መርከቡ በምን ንድፍ እንደተሠራ፣ ሞተሩ መቼ መፍረስ እንዳለበት፣ መለዋወጫው ከስንት ወር በፊት መታዘዝ እንዳለበት የሚወስነው ሰንሰለት ግን መነሻው ሌላ ሀገር ነበር።

በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረው ወታደራዊ ግንኙነት ሲቋረጥ ይህ ሰንሰለት ተበጠሰ። ሶቪየት ኅብረት የሚሳይል ጀልባዎችን ሰጠች፤ በ1983 እና በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፔትያ የተባለው ዓይነት ሁለት ፍሪጌቶች መጡ። ፔትያ በአንድ ዲዝልና በሁለት ጋዝ ተርባይኖች የሚነዳ መርከብ ነው። አሮጌዋ «ኢትዮጵያ» ግን በዲዝል ብቻ የምትሄድ፣ ልኳም በኢንች የሆነች የ1944 ሥራ ነበረች። ሁለቱ በአንድ ባሕር ኃይል ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። የመርከብ አዛዥ ከአንዱ ወደ ሌላው በወራት ሥልጠና ሊሸጋገር ይችላል። የጥገና ባለሙያ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የመመሪያ መጽሐፍና የአቅራቢ ውል ግን ከዜሮ መጀመር አለባቸው፤ ቋንቋው ራሱ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተለውጧልና።

የሰርጓጅ መርከብ ጉዳይ ወደ ኢትዮጵያ እጅግ የቀረበውም በዚህ ዘመን ነው። የሶቪየት ባሕር ኃይል በዳህላክ ደሴቶች፣ በኖክራ፣ የራሱን ጣቢያ አቋቋመ። እስከ 8,500 ቶን የሚያነሣ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛ፣ የነዳጅና የውኃ ማከማቻ፣ የሰርጓጅ መርከብ ደጋፊ መርከብ ነበሩበት፤ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦችም ለጥገና ይመጡበት ነበር። በወቅቱ በቀይ ባሕር ላይ ከነበሩት የላቁ የባሕር ምሕንድስና ጣቢያዎች አንዱ በኢትዮጵያ ደሴት ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ባለቤቱና አስተዳዳሪው ግን ሌላ ነበር።

ፍጻሜው በፍጥነት መጣ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በኤርትራ ሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች አብዛኞቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ «ኢትዮጵያ»ም እዚያው በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። የቀሩት ወደ ጅቡቲ ቢሄዱም በ1996 እ.ኤ.አ. ባልተከፈለ የወደብ ዕዳ ለጨረታ ቀረቡ። ሀገሪቱ ጠረፏን ባታጣ ኖሮ መርከቦቹ ይተርፉ ነበር የሚል መልስ ይሰማል፤ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን ኦርካን ያህል አሮጌ መርከብ፣ ምትክ በሌላቸው የሶቪየት ተርባይኖች አጠገብ፣ አቅራቢዋ ሶቪየት ኅብረት ራሷ በፈረሰችበት ዓመት፣ በምን በጀትና በማን ንድፍ ሊታደስ ይችል እንደነበር መልሱን የሚሰጡ ሰዎች ሊነግሩን ይገባል።

ከባሕር ርቆ የሚነሣ ጥያቄ

በቦምቤ ወይም በሶዶ ላደገ ተማሪ ይህ ሁሉ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ግን ደጃፉ ላይ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ በወላይታና በዳውሮ መካከል የቆመው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው 10 ተርባይኖች አሉት፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የግንባታው ተቋራጭ የጣሊያኑ ሳሊኒ ነበር፤ የሚያንቀሳቅሰው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ተርባይኑን የሚያዝዘው ሰው ተርባይኑ ሲነደፍ ከጠረጴዛው ላይ ነበረን? የመርከብ መኮንኑ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ግድቡ ከተመረቀ ከ30 ዓመታት በኋላ በጥገና ሒሳብ ላይ ይታያል።

በንግድ መርከብ በኩል የተሻለ ጅምር አለ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ በ1956 ዓ.ም. ተቋቁሞ ከባሕር ኃይሉ ዕድሜ አልፏል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማሪታይም አካዳሚ በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለመርከብ መሐንዲስነት ያሠለጥናል። ከወላይታ ሶዶ የሚወጣ የሜካኒካል ምሕንድስና ምሩቅ በዚህ በር ሊገባ ይችላል። ይህ መንገድ ከምሕንድስናው ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚሄድ በመሆኑ የቀድሞው ባሕር ኃይል ከሄደበት ተቃራኒ ነው።

በግንቦት 2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ዕቅድ ተገልጾ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ትብብር ስምምነት ተፈርሟል። የሕዝብ ክርክር ያተኮረው ወደቡ የት ይሆናል በሚለው ላይ ነው። ክብደቱን ማንም አይክድም፤ ቢሆንም የወደቡ ጥያቄ እስኪፈታ ድረስ ሊሠራ የሚችለው አንደኛው ሥራ፣ ምናልባትም ትልቁ፣ ውል የሚያነብ፣ ንድፍ የሚመረምርና ለጥገና የሚፈርም የምሕንድስና መኮንን ማዘጋጀት ነው። ይህ ሥራ ባሕር አይጠይቅም፤ ዐሥር ዓመት ግን ይጠይቃል።

ለቀጣይ ጥናት

የቀድሞው ባሕር ኃይል የሞተር ክፍል ሠራተኞች፣ የምጽዋና የአሰብ ወርክሾፕ ቴክኒሻኖች በዕድሜ እየገፉ ነው። ስለ አዛዦቹ ብዙ ተነግሯል፤ ከእነዚህ ግን የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ የቀረው ጊዜ አጭር ነው። የሚዘጋጀው መጠይቅ በጦርነት ትዝታ ባይጀምር ይመረጣል። ለ«ኢትዮጵያ» ሞተር መለዋወጫ ሲያስፈልግ ማመልከቻውን ማን ይጽፍ ነበር፣ ማንስ ይፈርም ነበር? ዕቃው ለመድረስ ስንት ወር ይፈጅ ነበር? ከ1969 በኋላ የአሜሪካ ዕቃ ሲያልቅ ምን በምን ተተካ፣ በምጽዋ የተቀረጸ ክፍልስ ነበር? ወደ ኖክራ ተንሳፋፊ መጠገኛ የገባ ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን ካለ፣ ከሥራው የትኛውን እንዲነካ ተፈቀደለት?