ተጣጣፊ ቱቦና መገጣጠሚያው፦ ውሃ እንዳይፈስ፣ ቆሻሻም እንዳይገባ



በዚህ የሙያ ትምህርት ዓምድ የምናቀርብላችሁ ስለ ተጣጣፊ የውሃ ቱቦና ስለ መገጣጠሚያዎቹ ነው። ይህ ቱቦ ቋሚውን የብረት ወይም የፕላስቲክ ቧንቧ ከእጅ መታጠቢያ ሳህን፣ ከመጸዳጃ ቤት የውሃ ሣጥን ወይም ከገላ መታጠቢያ ጋር የሚያገናኝ፣ እንደ ልብ የሚታጠፍ አጭር ቱቦ ነው። ውስጡ ላስቲክ ሲሆን ውጪው ብዙ ጊዜ በቀጭን የሽቦ ጥልፍ የተሸፈነ ነው።

«እኛ ዘንድ ሳህን የለ፣ የውሃ ሣጥን የለ፤ ይህ ለከተማ ሰው ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ይኸው ቱቦና መገጣጠሚያው በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በድርጅቶች ቅጥር ግቢ ውስጥ ይገኛል። በመጸዳጃ ቤት ደጃፍ የሚቆመው የእጅ መታጠቢያ በርሜልም ቧንቧ የሚገጠምለት በዚሁ ደንብ ነው። በዚህ ላይ ሙያው ራሱ እንጀራ ነው፤ ሠርቶ የማያንጠባጥብ ሰው የትም ቢሄድ ሥራ አያጣም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጤና ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኮሌራ ለምሥራቅ ሱዳን ካምፖች እንግዳ አይደለም። በ1985 በሸገራብ ካምፕ ገብቶ ነበር። በመስከረም 2023 በገዳሪፍ መከሰቱ ተገለጸ። በነሐሴ 2024 ደግሞ የሱዳን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አዲስ ወረርሽኝ መነሣቱን ሲያውጅ፣ የከሰላ ክፍለ ግዛት ከተጠቁት ቦታዎች አንዱ ነበረ። ስለሆነም ከዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ቢኖር ይህን ይያዝ፦ ውሃ በሚወጣበት ቀዳዳ ቆሻሻም ሊገባ ይችላል። እንዴት እንደሚገባ ወደ ኋላ እናብራራለን።

፩. ዕቃዎቹና ስማቸው

ለአንድ የእጅ መታጠቢያ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች የሚከተሉት ናቸው፦ ተጣጣፊው ቱቦ፣ ከግድግዳ በሚወጣው ቧንቧ ላይ የሚታሰር መዝጊያ (ቫልቭ)፣ ሁለት ቧንቧ የሚያገናኝ አጭር ባለ ጥርስ ቁራጭ (ኒፕል)፣ አቅጣጫ የሚያዞር ክርን (ኤልቦ)፣ በቱቦው ጫፍ ባለው ዳዶ ውስጥ የሚቀመጥ የላስቲክ ቀለበት፣ እንዲሁም ነጩ የቴፍሎን ጥቅል። መሣሪያው ብዙ አይደለም፤ እንግሊዝ መፍቻ፣ ባልዲና ደረቅ ጨርቅ ይበቃል።

በገበያ ዕቃው የሚጠራው በዐረብኛ ስለሆነ ስሙን ማወቅ ይጠቅማል። ቧንቧው «ማሱራ»፣ የቧንቧው መክፈቻ «ሐነፊያ»፣ የውሃ ጎማ «ኸርጡሽ»፣ ክርኑ «ኩዕ»፣ ቴፍሎኑ «ሸሪጥ» ይባላል። ባለሙያው ደግሞ «ሰብባክ» ነው።

ጥርሱ በውጪ በኩል የሆነው ዕቃ ወንዴ፣ በውስጥ በኩል የሆነው ሴቴ ይባላል። ዕቃ ከመግዛት በፊት የሚገናኙት ሁለቱ ጫፎች ወንዴ ይሁኑ ሴቴ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ወንዴ ከወንዴ፣ ሴቴ ከሴቴ ያለ ሦስተኛ ዕቃ አይገናኙም።

፪. ልክ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ግማሽ ኢንች» የሚባለውን ቧንቧ በማስመሪያ ብንለካው ግማሽ ኢንች አናገኝም። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቧንቧው ጥርስ የውጪ ስፋት ግን ወደ 21 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስሙ የቆየ የንግድ ስም እንጂ ልኬት አይደለም። ስለዚህ በማስመሪያ ስትለኩ የሚከተለውን አስታውሱ፦

የውጪ ስፋቱ ወደ 21 ሚ.ሜ. ከሆነ ዕቃው 1/2 ኢንች ይባላል።
ወደ 26 ሚ.ሜ. ከሆነ 3/4 ኢንች ይባላል።
ወደ 33 ሚ.ሜ. ከሆነ 1 ኢንች ይባላል።

የእጅ መታጠቢያና የመጸዳጃ ሣጥን ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ 1/2 ኢንች ነው። ይሁን እንጂ በግምት አትግዙ። ፈቃድ አውጥቶ፣ የመኪና ከፍሎ ገዳሪፍ ድረስ የሄደ ሰው የማይገጥም ዕቃ ይዞ ቢመለስ የደከመው ለከንቱ ነው። ከሁሉ የሚሻለው አሮጌውን ዕቃ ፈትቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መሄድና ከባለሱቁ ፊት ሁለቱን ማስተያየት ነው።

ርዝመቱም ቢሆን ታስቦ ይገዛል። ቱቦው ከመዝጊያው እስከ ሳህኑ ሲዘረጋ ትንሽ ረገብ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከተወጠረ መገጣጠሚያው ይጎተታል፤ ከረዘመ ደግሞ ተጣጥፎ ውሃውን ያንቃል። ያጠረውን ቱቦ በሌላ ቱቦ ቀጥሎ ማስረዘም መፍሰሻ ቦታ መጨመር ነው።

፫. አገጣጠም

አንደኛ፤ ዋናው ውሃ ይዘጋል። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ በባልዲ ይቀዳል።

ሁለተኛ፤ ከግድግዳ የሚወጣው ቧንቧ ሴቴ ከሆነ፣ የመዝጊያው ወንዴ ጥርስ ከዝገትና ከአሸዋ ከጸዳ በኋላ ቴፍሎን ይጠቀለልበታል። ጥርሱን ወደ ፊታችሁ አድርጋችሁ ቴፍሎኑን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ጠምጥሙት። ወደ ሌላው አቅጣጫ ከተጠመጠመ ዕቃው ሲጠብቅ ቴፍሎኑ ይገፈፋል። ቀጭን ከሆነ ከ5 እስከ 8 ዙር ይበቃዋል። ከዚያ መዝጊያው በቧንቧው ላይ ይታሰራል።

ሦስተኛ፤ ቱቦው ከመታሰሩ በፊት በመዝጊያው አፍ ባልዲ አስቀምጡና ውሃውን ለጥቂት ጊዜ ልቀቁት። በመስመሩ ውስጥ የተጠራቀመው አሸዋና ዝገት ይወጣል። ይህ ካልተደረገ አሸዋው በቱቦው አልፎ የሳህኑን ቧንቧ ይደፍናል።

አራተኛ፤ የቱቦው ዳዶ በመዝጊያው ላይ ይታሰራል። እዚህ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም። በቱቦው ዳዶ ውስጥ ውሃውን የሚያግደው የላስቲኩ ቀለበት እንጂ ጥርሱ አይደለም። ቀለበቱ መኖሩን፣ አለመሰንጠቁንና ተስተካክሎ መቀመጡን በዓይናችሁ ሳታዩ አትሰሩት።

አምስተኛ፤ ዳዶው መጀመሪያ በእጅ እስከሚቆም ይጠበቃል። ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ይጨመርለታል። «ይበልጥ ይጥበቅ» ብሎ በሙሉ ኃይል የሚያጠብቅ ሰው ላስቲኩን ይቆርጠዋል፣ ወይም ዳዶውን ይሰነጥቀዋል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ስታጠብቁም ቱቦው አብሮ እንዳይጠማዘዝ በሌላው እጅ ያዙት። የተጠማዘዘ ቱቦ ውሎ አድሮ ይፈነዳል።

ስድስተኛ፤ ውሃው በዝግታ ይከፈታል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ ከዚያም ደረቅ ወረቀት ይጠቀለልበታል። ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ በማግሥቱም ጧት ይታያል። ወረቀቱ ከራሰ ውሃው ተዘግቶ ዳዶው ይፈታል፤ ቀለበቱም ይመረመራል።

ሰባተኛ፤ ከሳህኑ በታች ያለው ጎባጣ የፍሳሽ ቱቦ (ሲፎን) ሁልጊዜ ውሃ መያዝ አለበት። የመጥፎ ሽታንና የነፍሳትን መንገድ የሚዘጋው ያ የቆመ ውሃ ነው። ፍሳሹም በድንጋይ ወደ ተሞላ ጉድጓድ ይመራ እንጂ ደጅ አይፍሰስ።

፬. የበርሜል ቧንቧ

ለእጅ መታጠቢያ በርሜል ቀዳዳው ከታችኛው ወለል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይበሳል። ዝቃጩ ከበታች ይቀራል፤ ጥሩው ውሃ ይወጣል። ለ1/2 ኢንች ቧንቧ ቀዳዳው 21 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠርዙ በቢላዋ ከተስተካከለ በኋላ ከውስጥም ከውጪም የላስቲክ ቀለበት ገብቶ ከውስጥ በዳዶ ይታሰራል። ቀለበት የጠፋበት ሰው ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ መሥራት ይችላል። ይህ ግን ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ነው፤ ለመጠጥ ውሃ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን መግዛት ይሻላል።

፭. ግፊትና ከፍታ

ውሃን የሚገፋው ከፍታው ነው። በ1890ዎቹ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ወደ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያስገባው ያለ ሞተር ነበር፤ ውሃው ከከፍታ ስለ ወረደ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ጉብታ መልሶ ወጣ።

ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ያህል ነው። በ2 ሜትር መቆሚያ ላይ ያለ ታንከር እንግዲህ 0.2 ባር ብቻ ይሰጣል። በዚህ አነስተኛ ግፊት ጠባብ ቱቦ ውሃውን ያዘገየዋል። 1/2 ኢንች የሚባለው ተጣጣፊ ቱቦ የውስጥ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የ1/2 ኢንች ብረት ቧንቧ ግን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ውሃ የሚያልፍበት ቦታ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከታንከሩ የሚነሣው መስመር በ3/4 ወይም በ1 ኢንች ቧንቧ ይሠራ፤ ተጣጣፊው ቱቦ ለመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ብቻ ይሁን።

፮. ውሃ ወደ ኋላ ሲሳብ

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ሾፌር ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዳ አይታችኋል። አንድ ጊዜ በአፉ ከሳበው በኋላ ነዳጁ በራሱ ይወርዳል። በውሃ መስመርም እንዲሁ ይሆናል። ውሃ ሲቋረጥ በመስመሩ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ሲወርድም ከኋላው ይስባል። የጎማው ጫፍ በቆሻሻ ባልዲ ውስጥ ተነክሮ ከሆነ የባልዲውን ውሃ ይስባል። የሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ በጭቃ ውስጥ ተኝቶ ከሆነ የጭቃውን ውሃ ይስባል። ውሃው በተመለሰ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀዳው እናት ያንን ለልጇ ታጠጣለች።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ በ1933 ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በተካሄደበት ወቅት፣ በሆቴሎች ውስጥ የንጹሕ ውሃና የፍሳሽ መስመሮች በአሠራር ጉድለት በመገናኘታቸው አሜባ ተዛምቶ 98 ሰዎች ሞተዋል።

መከላከያው ቀላል ነው። የቧንቧው አፍ ከሳህኑ ወይም ከባልዲው ጠርዝ በላይ፣ ቢያንስ የአፉን ስፋት እጥፍ ያህል፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትርም ያላነሰ ከፍ ይበል። አየር ከመካከል ካለ ቆሻሻ ውሃ ሊሳብ አይችልም። ጎማም ባልዲ ውስጥ ተነክሮ አይተው፤ ከተጠቀማችሁ በኋላ አውጥታችሁ ስቀሉት።

፯. የጠብታው ሒሳብ

ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በ1 ደቂቃ የሚሞላ ፍሳሽ ቢኖር፣ በሰዓት 15 ሊትር፣ በቀን 360 ሊትር ይሆናል። በአስቸኳይ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ያስፈልጋል የሚለውን ዓለም አቀፍ መለኪያ ብንወስድ፣ ይህ የ24 ሰዎች የቀን ውሃ ነው። በወረፋ ቆሞ ጀሪካኑን ሳይሞላ የተመለሰ ሰው ውሃው የት እንደ ሄደ ከዚህ ይረዳል።

፰. አያያዝ

በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ የሚያገኘው ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቱቦው ጥላ ይደረግለት። የክሎሪን ዱቄት ወይም በረኪና ከቱቦው አጠገብ አታስቀምጡ፤ ትነቱ የሽቦውን ጥልፍ ይበላዋል። ሽቦው የተበጣጠሰ፣ የዛገ ወይም ያበጠ ቱቦ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ሀ. የውጪ ጥርሱ 26 ሚ.ሜ. የሆነ ቧንቧ በገበያ ምን ተብሎ ይጠየቃል?
ለ. የቱቦው ዳዶ በመፍቻ ሩብ ዙር ከጠበቀ በኋላም ያንጠባጥባል። ምን ይደረጋል?
ሐ. ሩብ ሊትር ብርጭቆ በ2 ደቂቃ የሚሞላ ፍሳሽ በቀን የስንት ሰው ውሃ ያባክናል?

መልስ፦ ሀ. 3/4 ኢንች። ለ. ውሃው ተዘግቶ ዳዶው ይፈታል፤ የላስቲኩ ቀለበት ይታያል፤ ከተጎዳ ይቀየራል። ሐ. 180 ሊትር፣ ማለትም የ12 ሰው።

መምህራን ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ አሮጌ መገጣጠሚያ ይዘው በተግባር ቢያሳዩ ይበልጥ ይጠቅማል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያየ ነዋሪም «የድርጅት ነው» ብሎ አይለፈው፤ ለሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ያሳውቅ። ውሃው የሁላችንም ነው።